ሽማግሌዎቹ አፋተውናል፣ ወረቀቱ ይበቃናል?

ጥያቄ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ መጽሔታችሁን ሁሌ አነባለሁ እስካሁን ግን ጽፌ አላውቅም። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ዕድሜዬ 36፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቁ 9 ትንሿ 5 ዓመቷ ነው። ከባለቤቴ ጋር በማዘጋጃ ተጋብተን 11 ዓመት ሆነን። ከ7 ወር በፊት ከቤት ወጥቶ አሁን ለገጣፎ እህቱ ጋር ነው ያለው። አልተደባደብንም፣ ሌላ ሴት ምናምን የሚባልም አልሰማሁም፣ በቃ መነጋገር አቆምን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ እንደ ደባል ነበር የምንኖረው።

ሽማግሌ ገባ፣ የንስሐ አባታችንም ብዙ ለፉ፣ አልሆነም። በመጨረሻ አራት ሽማግሌዎች እናቱ ቤት ቁጭ ብለው አፋቱን። ወረቀት ተጻፈ፣ ኮንዶሚኒየሙ ለኔና ለልጆቹ፣ ባጃጇ ለሱ፣ ልጆቹ እኔ ጋር ሆነው እሱ የሚችለውን ይረዳል ይላል፣ ሁላችንም ፈረምን፣ ኮፒው እሱም ጋር እኔም ጋር አለ። ቤቱ ዕጣ የወጣው ከተጋባን በኋላ ነው፣ በስሙ ነው ያለው፣ ቅድመ ክፍያውን የከፈልነው ግን እኔ ሳላገባ ቤይሩት ሠርቼ ባጠራቀምኩት ብር ነው። የባንኩ ብድር ገና አላለቀም።

አሁን ጎረቤቴ "ይሄ ወረቀት ዋጋ የለውም፣ ፍርድ ቤት ካልሄዳችሁ ገና ሚስቱ ነሽ" አለችኝ። እሱን ስጠይቀው ደግሞ "በሰላም ጨርሰን ገመናችንን አደባባይ ምን አወጣው" አለ። እኔም የልጆቼን አባት ፍርድ ቤት መገተር አልፈልግም፣ ግን ፈራሁ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከየካ አባዶ

መልስ

እህቴ፣ እንቅልፍ ያጣሽበት ነገር መላ አለው፣ መላውም ከምታስቢው በላይ ቅርብ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ጎረቤትሽ ልክ ናት፣ በሕግ ገና ባልና ሚስት ናችሁ። ባለቤትሽ ደግሞ በሰላም እንጨርስ ማለቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ሴቶች ይሄንን ቃል ከባላቸው አፍ ለመስማት ይመኛሉ፣ እሱ ያልገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ፍርድ ቤት መሄድ ሁሉ መካሰስ ይመስለዋል።

ይሄ ግራ መጋባት የናንተ ጥፋት አይደለም፣ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። እናቶቻችንና አባቶቻችን ያደጉበት ሕግ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፣ በዛ ሕግ የፍቺን ነገር የሚያዩትና የሚወስኑት በሁለቱም ወገን የተመረጡ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ስለዚህ ያፋቷችሁ ሽማግሌዎች ሲያፋቱ አይተው ያደጉትን ነው ያደረጉት። በ1992 ግን የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፣ አዋጅ ቁጥር 213 የሚባለው፣ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው እሱ ነው፣ ይሄ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ (አንቀጽ 117 ላይ ታገኚዋለሽ)። ሽማግሌ አልተሻረም፣ ሥራው ተለየ፣ የማስታረቅና የማስማማት ሥራ ነው የተተወለት። በ2013 የወጣው የግልግል አዋጅ 1237 ራሱ ፍቺ በግልግል ዳኛ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም ብሎ ለይቶ አስቀምጦታል። እስልምና ተከታይ ለሆኑ ሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ፣ እሱም ሁለቱም ወገን ፈቅደው ሲቀርቡ ነው፣ እሱም ቢሆን ፍርድ ቤት ነው፣ ሰፈር ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ አይደለም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሕጉ ለመፋታት ሁለት በር ነው የከፈተው። አንዱ አንደኛው ወገን ብቻውን "ይፍረስልኝ" ብሎ የሚያመለክትበት ነው፣ ሰው ፍርድ ቤት ሲባል የሚታየው እሱ ነው፣ ቀጠሮ፣ ምስክር፣ ክርክር። ሌላው ግን የስምምነት ፍቺ ነው። ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ መፋታቱንም፣ ልጆቹንም፣ ንብረቱንም በጽሑፍ ተስማምታችሁ ትጨርሱና ያንን ወረቀት ይዛችሁ አንድ ላይ ትገባላችሁ፣ ዳኛው ያጸድቀዋል። ከሳሽ የለም ተከሳሽ የለም፣ ሁለታችሁም አመልካች ናችሁ። ለምን ተጣላችሁ ብሎ ምክንያት እንድትዘረዝሩ የሚያስገድዳችሁ የለም፣ ስለዚህ ባለቤትሽ የፈራው ገመና የሚባለው ነገር እዛ አይወጣም። ይሄንን በደንብ አስረጂው፣ ስትነግሪው ደግሞ "ፍርድ ቤት እንሂድ" ብለሽ አትጀምሪ፣ "የተስማማነውን እናስጸድቅ" በይው፣ አንድ ቃል ሰውን ይከፍተዋል አንድ ቃል ይዘጋዋል።

ስትቀርቡ የሚሆነውን ልንገርሽ እንዳትደናገጡ። ዳኛው አንድ ላይም ለየብቻም ሊያናግራችሁ ይችላል፣ ሐሳባችሁን እንድትቀይሩ ይሞክራል፣ ይሄ ግዴታው ነው፣ እናንተን ተጠራጥሮ አይደለም። እንድታስቡበት ጊዜ ሊሰጣችሁም ይችላል፣ ቢበዛ 3 ወር ነው። ከዛ በኋላም ሐሳባችሁ ካልተቀየረና በነፃ ፈቃዳችሁ መሆኑን ካየ ያጸድቃል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ያያል፣ ስምምነቱ የልጆቹን ደህንነት ወይም የአንዳችሁን ጥቅም የሚጎዳ ከሆነ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የጎደለውን ያስተካክላል። ለኔ ይሄ ነው ትልቁ ጥበቃ፣ ምክንያቱም ሰው ሲደክመው "ብቻ ይለቅ" ብሎ የማይፈርመውን ይፈርማል፣ በተለይ ሴት።

ኦኬ አሁን ወደ ወረቀታችሁ እንምጣ፣ እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይ ነው።

ይሄ ወረቀት አሁን ባለበት ሁኔታ ሁለት ችግር አለው። የመጀመሪያው፣ ባልና ሚስት ትዳር ላይ እያሉ የሚዋዋሉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም፣ ይሄም እዛው የቤተሰብ ሕጉ ላይ አለ አንቀጽ 73። እናንተ ደግሞ በሕግ ገና ትዳር ላይ ናችሁ፣ ስለዚህ "ቤቱ ለሷ" የሚለው መስመር ነገ አንዱ ሐሳቡን ቢቀይር መብትሽን የሚያስከብርልሽ ነገር የለውም። ባለቤትሽ ይቀይራል እያልኩ አይደለም። ግን ሰው ይሞታል እህቴ፣ እሱ ዛሬ ቢሞት ከወራሾቹ ጋር ነው የምትነጋገሪው፣ እነሱ ደግሞ እናቱ ቤት የተፈረመውን ወረቀት አላየንም ሊሉ ይችላሉ።

ይሄን የምለው ከቤቴ ስላየሁት ነው። አክስቴ ኮተቤ ነበር የምትኖረው፣ ከባሏ ጋር በሽማግሌ ወረቀት ተለያየች፣ ልክ እንደናንተ በሰላም፣ ቡና አፍልታ ነው ሽማግሌዎቹን የሸኘችው። ከዛ ለብቻዋ ጉሊት ሠርታ፣ ዕቁብ ገብታ፣ ከ6 ዓመት በኋላ ሁለት ክፍል ቤት ሠራች። ባልየው ከሌላ ሴት ልጆች ወልዶ ነበር፣ ሲሞት ልጆቹ መጡና ትዳሩ አልፈረሰም ነበር ቤቱ የጋራ ነው፣ የአባታችን ድርሻ ይሰጠን አሉ። ልጆቹን አልፈርድባቸውም፣ እነሱም የተቸገሩ ነበሩ። ግን አክስቴ ላቧን ያፈሰሰችበትን ቤት ይዛ ሦስት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለሰች፣ ሽማግሌዎቹ ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ አያስታውስም። ያ ወረቀት በጊዜው ጸድቆ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። እስካሁን ሳስበው ያመኛል፣ ለዛ ነው ለጥያቄሽ እንዲህ የምጽፈው።

ሁለተኛው ችግር ወረቀቱ ውስጥ ያሉት ቃላት ናቸው። "የሚችለውን ይረዳል" ማለት ምን ማለት ነው? በመስከረም የሚችለው ስንት ነው፣ ባጃጇ የተበላሸች ወር ስንት ነው? ሽማግሌዎች እንዲህ የሚጽፉት ሰው እንዳይከፋው ነው፣ ይገባኛል፣ ግን ከዓመት በኋላ የምትጣሉት በዚህች ቃል ነው። ለልጆች ቀለብ ሕጉ ቁርጥ ያለ መቶኛ አላስቀመጠም፣ የልጆቹ ፍላጎትና የወላጅ አቅም ታይቶ ነው የሚወሰነው፣ ስለዚህ ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ የወሩን ወጪ በደብተር ጻፉት፣ አስቤዛ፣ ትምህርት ቤት፣ ሰርቪስ፣ ልብስ፣ ሕክምና፣ ከዛ እሱ በየወሩ በስንተኛው ቀን ስንት ብር እንደሚያስገባ በቁጥር ይጻፍ። በእጅ ባይሆን ይመረጣል፣ በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፣ ያ ለሱም ይጠቅመዋል፣ ነገ "አልሰጠኸኝም" የሚል ነገር አይመጣበትም። የትምህርት ቤት ምዝገባና ያልታሰበ ሕክምና ለብቻው ይጻፍ፣ ግማሽ ግማሽ ከሆነ ግማሽ ግማሽ ተብሎ። ኑሮ ሲወደድ ወይም የአንዳችሁ ገቢ ሲቀየር ደግሞ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል፣ ለዘላለም የታሰረ አይደለም።

ልጆቹን የሚያይበትንም ቀን ጻፉት። ለገጣፎና የካ አባዶ ጎረቤት ናቸው፣ ይሄ ዕድል ነው፣ ስንቱ አባት ልጁን ለማየት ክፍለ ሀገር ነው የሚሄደው። ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት ይወስዳቸዋል እሁድ ማታ ይመልሳቸዋል፣ ዘንድሮ ገና እሱ ጋር ከሆኑ ፋሲካ አንቺ ጋር፣ ክረምት ላይ ስንት ሳምንት፣ እንዲህ እንዲህ እያላችሁ። ትልቁ 9 ዓመቱ ነው፣ ይሰማል ያያል፣ ቅዳሜ አባቴ ይመጣል ብሎ ማወቁ ብቻ ያረጋጋዋል። ልጁን "አባትህን ብር ላክ በለው" ብለሽ አትላኪው፣ እሱም በልጁ በኩል ምን እንደምትሠሪ አይጠይቀው፣ ይሄ ስምምነቱ ላይ ባይጻፍም ተስማሙበት።

አሁን ቤቱ። ከተጋባችሁ በኋላ የመጣ ንብረት በአንድ ሰው ስም ቢሆንም የጋራ ነው ተብሎ ነው የሚገመተው፣ በስሙ መሆኑ ያንቺን ድርሻ አያጠፋውም። የቤይሩቱ ብር ግን ትንሽ ለየት ይላል። ከጋብቻ በፊት ያጠራቀምሽው ብር የግልሽ ነው፣ በግል ብር የተገዛ ነገርም የግል ሊሆን ይችላል፣ ግን ዝም ብሎ አይሆንም፣ ፍርድ ቤት ጠይቀሽ የግል ነው ብሎ መወሰን አለበት፣ ለዛ ደግሞ ብሩ ከየት ወጥቶ የት እንደገባ ማስረጃ ያስፈልጋል። እናንተ ተስማምታችሁ ቤቱን ላንቺ ካረጋችሁት እዚህ ክርክር ውስጥ አትገቡም፣ የስምምነት ፍቺ ጥሩነቱም ይሄ ነው። ሆኖም የላክሽበት ደረሰኝና የባንክ ስቴትመንት ካለሽ አትጣይው፣ የቅድመ ክፍያው ብር ካንቺ እንደመጣ በስምምነቱ ላይ አንድ መስመር ይግባ፣ ዳኛው ለምን ቤቱ ሙሉ በሙሉ ለሷ ሆነ ብሎ ቢጠይቅ መልሱ እዛው አለ፣ እሱም ሰው "ሚስቱ ወሰደችበት" ሲለው የሚመልሰው ያገኛል።

ብድሩን እንዳትረሱት። ባንክ የናንተን ስምምነት ስለፈረማችሁ ብቻ ተበዳሪውን አይቀይርም፣ ውሉ ላይ ያለው የሱ ስም ነው፣ ስለዚህ ከዚህ በኋላ ወርሃዊውን ማን ይከፍላል፣ ስሙ ወዳንቺ የሚዞረው መቼ ነው፣ እስከዛ ክፍያ ቢቋረጥ ምን ይሆናል የሚለውን ጻፉ፣ ከመፈረማችሁ በፊትም ባንኩ ጋር አብራችሁ ሂዱና ስም ለማዛወር ምን ምን እንደሚጠይቁ ስሙ። ባጃጇም ዕዳ ካለባት፣ ዕቁብ ያልተጣለ ካለ፣ ከእናቱ የተበደራችሁት ካለ ሁሉም ይግባ። በነገራችን ላይ እስከዛው ድረስ እሱ ብቻውን ቤቱን ሸጦ ቢገኝ ሕጉ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለሁለቱ ስምምነት አይሸጥም ይላል፣ ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ሽያጩ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችያለሽ። ይሄን የምነግርሽ እንድታውቂው ብቻ ነው እሱን እንድትጠራጠሪበት አይደለም።

እንግዲህ አሁን የምታደርጊው፣ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ከሽማግሌዎቹ ውስጥ ሁለታችሁም የምታምኑትን አንድ ሁለቱን መልሳችሁ ጥሩ። አዲስ ነገር አትጀምሩም፣ የጎደለውን ትሞላላችሁ። የሆነ ነጥብ ላይ ከተያዛችሁ ፍርድ ቤት ውስጥም የማስማማት አሠራር አለ፣ የ2013ቱ የፌደራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234 አምጥቶታል፣ አስማሚው አይፈርድባችሁም ያነጋግራችኋል። ጉዳዩን የሚያየው የፌደራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት ካርድ፣ መታወቂያ፣ የቤቱ ውል ኮፒ አዘጋጁ። ጠበቃ ግዴታ አይደለም፣ ግን ስምምነቱን ከመፈረማችሁ በፊት አንድ የሕግ ሰው ቢያየው ጥሩ ነው፣ አቅም ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ከጸደቀ በኋላ የውሳኔውን ግልባጭ አውጪ፣ ወረዳ ሄዳችሁ ፍቺውን አስመዝግቡ፣ ስም ማዛወሩም የሚጀምረው በዛው ግልባጭ ነው። ሰው ግልባጩን ሳያወጣ ቤቱ ይቀመጣል፣ አንቺ እንዳታደርጊው።

ይሄን ሁሉ ስል ግን ያንቺን ጉዳይ እያሰብኩ ነው፣ ዱላ የሌለበትን። ይሄን ጽሑፍ የምታነቢ ሌላ እህት ካለሽና ባልሽ የሚመታሽ ወይም የሚያስፈራራሽ ከሆነ በሽምግልና እስማማለሁ ብለሽ አትቀመጪ፣ የፈራ ሰው የሚፈርመው ስምምነት አይደለም። ፖሊስ ጋር ሂጂ፣ ፍርድ ቤትም ዋናው ጉዳይ እስኪያልቅ ስለ መኖሪያሽ፣ ስለ ልጆችሽና ስለ ቀለብ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ይሰጣል።

ጥያቄ

እኔ ደግሞ ከዓለም ባንክ አካባቢ ነኝ፣ ከባለቤቴ ከተለያየን 3 ዓመት አለፈን፣ ልጅ የለንም፣ የጋራ የምንለው ንብረትም አልነበረንም፣ ስለዚህ ማንም የትም አልሄደም፣ በየቤታችን ቀረን። አሁን ትንሽ ቤት ልገዛ ነው፣ ሌላ ሴትም አጭቻለሁ። ችግር አለው?

መልስ

ወንድሜ፣ አለው፣ ሁለቱም ላይ። ፍቺ እስካልተወሰነ ድረስ የምትገዛው ቤት ከፊተኛዋ ባለቤትህ ጋር የጋራ ነው ተብሎ ሊገመት ይችላል። ለብዙ ዓመት ተለያይተው የኖሩ ሰዎች ላይ ሰበር ችሎት (የመጨረሻውን የሕግ ትርጉም የሚሰጠው ችሎት) ትዳሩ በተግባር ፈርሷል ብሎ የወሰነበት ጊዜ አለ፣ ግን እዛ የሚደረሰው በክርክር ነው፣ በሱ ተማምነህ ቤት አትግዛ። ጋብቻውም እንደዛው ነው፣ ፊተኛው ሳይፈርስ ሁለተኛ ማግባት በወንጀል ያስጠይቃል፣ ያጨሃትንም ልጅ መከራ ውስጥ ትከታታለህ።

ደግነቱ ያንተ ቀላል ነው፣ ልጅ የለም የምትካፈሉት የለም። ደውልላትና ቡና ጋብዛት፣ እሷም ሳታስበው ያው ገመድ እሷንም አስሯታል፣ ነገ ማግባት ብትፈልግ እሷም አትችልም። አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ፣ የጋራ ንብረትም ዕዳም የለንም፣ በስምምነት ተፋተናል የሚል፣ አብራችሁ አቅርቡት። ላጨሃትም ልጅ እውነቱን ዛሬውኑ ንገራት፣ የቤቱን ቀብድ ከመክፈልህ በፊት፣ ሻጩን ደግሞ ውሳኔው እስኪወጣ እንዲታገስህ ለምነው።